የአባቴን ጾም የጾሙለት

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው። ዓመታት ቢያልፉም ወተት በብርጭቆ ስቀዳ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

እኔ ዳንግላ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴ አዘና አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። ምግብ አልወርድ ብሎት እየከሳ ሲሄድ አዲስ አበባ ድረስ ወሰድኩት፤ የጨጓራ ካንሰር ተባለ። ዕጢው ስለሰፋ አሁን ቢቆረጥ ሙሉ በሙሉ እንደማይወጣ፣ መጀመሪያ ኬሞ በሚባለው መድኃኒት ማሳነስ እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዱኝ። ዘመድ ግን "የሚድን ቢሆን ወዲያው ኦፕራሲዮን ያደርጉት ነበር" እያለ ልቤን አደረቀው።

የመጀመሪያውን ዙር ወስዶ እኔ ቤት አረፈ። ማቅለሽለሹ መከራውን አሳየው። ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ ሐኪሙ ክብደቱን አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

"እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይብሉ። ከዚህ በታች ከወረዱ መድኃኒቱን እናቆማለን፤ ኦፕራሲዮኑም አይታሰብም" አሉት።

አባቴ እሺ ብሎ ወጣ። ዳንግላ ስንደርስ ግን ሁዳዴ ነውና ወተት አልነካም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። "ልጄ፣ ሞቱ ካልቀረ ጾሜን ሽሬ አልሄድም" አለኝ። ግትርነቱን እኔም ስለወረስኩ ተኳርፈን አደርን።

የቀረኝ መላ የንስሐ አባቱ ነበሩ። ደወልኩላቸው። በማግስቱ ከአዘና በሚኒባስ መጥተው፣ ከመናኸሪያው በጋሪ ቤቴ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ደግፌ ነው ያወረድኳቸው። ገና ቁጭ እንዳሉ ወተት እንዳመጣ አዘዙኝ። ባርከው ለአባቴ ዘረጉለት።

"ፈቅጄልሃለሁ፤ ጠጣ።"

"እርስዎ ቢፈቅዱልኝም ጾሙ ጎድሎ ይቀርብኛል፣ አባቴ።"

"አይጎድልም። ያንተን እኔ እጾመዋለሁ። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር የምቀምሰው፤ ካሁን በኋላ ሲመሽ ይሆናል። አንተ የታመመ ሆድህን ይዘህ በእኔ ሥራ አትግባ።"

አባቴ ብርጭቆውን ተቀብሎ ጠጣ፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ወዲያው ግማሹን አስመለሰው። ቄሱ "ሌላ ቅጂለት" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በላ። ክብደቱ መውረዱን አቆመ፤ መድኃኒቱም አልተቋረጠም። ከፋሲካ በኋላ ሲመረመር ዕጢው በጣም አንሶ ተገኘ። ሐኪሙ የፊተኛውንና የኋለኛውን ምስል ጎን ለጎን ሲያሳዩኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኦፕራሲዮኑ ተሠራ፤ ዕጢውም ወጣ።

ይበልጥ የተገረምኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። አባቴን ወደ ቤቱ ስመልሰው፣ ጎረቤቱ እትየ ውባለም ለብቻዬ ጠርተው "ቄሱ ብቻ የጾሙለት መስሎሻል?" አሉኝ። የአባቴ የጽዋ ማኅበርተኞች ቄሱ ሲደክሙ አይተው "ለብቻዎ አይችሉትም" ብለዋቸው ኖሯል። ቀን ሲያርሱ እየዋሉ እስኪመሽ ጾመውለታል። የማኅበሩ አባል እንኳ ያልሆነው አያ ተመስገን ሳይቀር። አያ ተመስገንና አባቴ በመሬት ድንበር ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት ሆኗቸው ነበር።

ይህን ለአባቴ ስነግረው "ዱላዬን አቀብይኝ" አለ። እየደገፍኩት የአያ ተመስገን በር ላይ ደረስን።

"ጾመህልኛል አሉ" አለው።

አያ ተመስገን መሬት መሬት እያየ "ማን አለህ? ሆዴን አሞኝ ነው ያልበላሁት" አለ።

አባቴ የሆዱን ስፌት በእጁ ይዞ ሳቀ። አያ ተመስገንም ገብቶ መቀመጫ አወጣለት።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሠራ ሐኪሙ አስረድተውኛል፤ ገብቶኛልም። ለታመመ ሰው ብለው ተርበው ሲያርሱ የዋሉት ሰዎች ነገር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ በላይ ነው።

አባቴ በሕይወት አለ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲበላ ስለታዘዘ ዛሬም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይችልም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር አያ ተመስገን በደጁ ሲያልፍ ቆም ይልና "ዘንድሮም ሆዴን አሞኛል" ይለዋል።