ሪፈር ሲሉን

በእኛ ቆላ ሰውነት ከጋለ ወባ ነው። ራስ ቢያምም ወባ፣ ቢያስመልስም ወባ። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ከቋራ የሰሊጥ አረም ተመልሶ ትኩሳት አልለቀው ሲል፣ አባቴ ማንንም ሳይጠይቅ ከሱዳን የመጣ የወባ ክኒን ገዝቶ አስዋጠው። ትኩሳቱ ግን ሄድ መጣ እያለ አጨዳ ደረሰ። ወንድሜ ክንዱ ሰለለ፣ ሆዱ ተነፋ። ሰው እየከሳ ሆዱ እንዴት ያድጋል? ግራ ገባኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ደሙን አስመርምራ "ወባ የለበትም" አለች።

"ወባ ካልሆነ ይኼ የሚያንዘፈዝፈው ምንድን ነው?" አለ አባቴ። በእሱ ቤት የተበላሸው የደም መመርመሪያው ማሽን ነው። ወባ የለም ማለት ሌላ በሽታ የለም ማለት እንዳልሆነ እኔም አልገባኝም።

ነርሷ ወንድሜን አስተኝታ ከግራ ጎድኑ በታች ጫን ጫን አደረገችና "ጣፊያው አብጧል፤ ደምም አንሶታል" አለች። አሥረኛ ክፍል ስለጨረስሁ የቤታችን ተርጓሚ እኔ ነበርሁ። እኔ ጣፊያ የማውቀው ከታረደ ፍየል ነው። ያረጀን ደም የሚያጣራ መሆኑን፣ ሲያብጥም ደህናውን ደም ጭምር እየያዘ እንደሚያስቀር ያወቅሁት ኋላ ነው። አባቴ "ደም ሳይፈሰው የት ሄዶ አነሰ?" ሲለኝ ምን ልበለው? ደም ማነስ ማለት ከደሙ ውስጥ አየር ተሸካሚው ቀዩ ክፍል መጉደሉ ነው የሚል ሰው ያን ዕለት አጠገቤ አልነበረም። አብሮን የመጣው ጎረቤታችን ግን መልስ ቸግሮት አያውቅም፤ "ለጣፊያ መድኃኒቱ የጋለ ብረት ነው፤ ይተኮስ" አለ። እሱንም ራሴንም በጥፊ ማለት አማረኝ።

"ካላዛር ይመስለኛል" አለች ነርሷ። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስተላልፈው በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ግራር ሥር የሚያድረውን የእርሻ ሠራተኛ ነው። ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ ያደረ ግራር ሥር ነው። ቀጥላም "ሪፈር ጽፌለታለሁ፤ ጎንደር ውሰዱት" አለችን።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። በሰፈራችን ሪፈር የተባለ ሰው ሬሳው በአይሱዙ ተጭኖ ሲመለስ ነው ያየነው። ስለዚህ ሪፈር ከተባለ፣ እንደ እኛ ከደጋ ወርዶ የሰፈረ ሰው በሽተኛውን ይዞ ወደ ትውልድ ቀየው ይወጣል፤ ቢሞትም ከዘመዶቹ መካከል ይሙት ብሎ። አባቴ ወደ በሩ ወስዶኝ "ቁርጡን ነገረችን፤ ነገ ደጋ እናወጣዋለን" አለኝ። የደጋው አውቶቡስ የሚያልፈው በዚያው በጎንደር ነው።

ወንድሜ ከአልጋው ሰምቶን ኖሮ "እኅቴ፣ ሪፈር ማለት አትድንም ማለት ነው?" ብሎ ነርሷን ጠየቃት።

"ማን እንዲህ አለህ? እኔ ጋ መድኃኒቱ የለም፣ ጎንደር አለ ማለት ነው። በመርፌ ትድናለህ።" ወደ አባቴ ዞረች። "አባቴ፣ የሚሞተው ካዘገዩት ነው።"

አባቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። "ሪፈር ሁልጊዜም እንዲህ ማለት ነው? ለማንም ሰው?"

"አዎ፣ ለማንም።"

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ አውቶቡስ ፍለጋ ወጣ። ለምን እንደዚያ እንደጠየቀ አልገባኝም ነበር።

ወንድሜ በመርፌው ድኖ ዛሬ ልጆች ወልዷል። እኔ የማልረሳው ጎንደር መናኸሪያ የወረድን ጊዜ ነው። ወንድሜን ደግፈን ስናወርድ አባቴ እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ቀረ። እናታችን የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ፣ ደጋ፣ እናቷ ቤት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አባቴ አውቶቡሱን እያየ "እናታችሁንም ወደዚሁ ሪፈር ብለዋት ነበር" አለ። "ደጋ ላደርሳት ስሄድ እዚሁ ቆመን ውሃ ጠጥታለች።"