የእንጨት ተሸካሚዋ ጨዋታ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የካ አባዶ ልጄ ቤት ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ የልጅ ልጄ ሕሊና አጠገቤ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጌም መሥራት ትማር ነበር። ከማሽኑ ጎን የሚወጣው ትኩስ አየር ፊቴን ነካው፤ የጋለ አቧራ ይሸታል። “አባባ፣ ይዩልኝማ፣ ዘለለች እኮ!” አለችኝ። አየሁላት፤ አንዲት ቀይ ሳጥን ከደረጃ ወደ ደረጃ ትዘላለች። “ጎበዝ የኔ ልጅ” አልኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አውቃለሁ ብላት እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ፤ ያልነገርኳት ግን ሳቋን ፈርቼ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ቤታችን የካ፣ ከተራራው ሥር፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርቆሮው ላይ እየረገፈ ዝናብ የመጣ የሚያስመስልበት ሰፈር ነበር። አባቴ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠርኩ። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው፤ ቤት የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። በአጥር የምንዋሰነው እኩያዬ መስፍን ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አጎቱ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይዞለት መጣ። ስክሪን የላትም፤ ቁልፍ የተደረደረባት ሳጥን ናት፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ የምትገጠም። የመስፍን እናት እትዬ ዘነበች ቴሌቪዥናቸውን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው እንደ ታቦት ነበር የሚጠብቁት፤ ፕሮግራም የሚጀምረው ሲመሻሽ ስለሆነ ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ከሥራ ስወጣ፣ በብዙ ልመና ለእኛ ይለቁልናል። ሲግል ከጀርባው ያ የአቧራ ሽታ ይወጣና ክፍሉን ይሞላዋል።

መመሪያው በጀርመንኛ ስለሆነ ሁለታችንም አናነበውም፤ መስፍን ከሥዕሉና ከምሳሌው እየገመተ፣ እየሞከረ፣ የሠራለትን ደብተር ላይ ይጽፋል። ትእዛዙ እንግሊዝኛ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ ፊደል እቆጥራለሁ እንጂ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ እሱ ፊደል በፊደል ይጠራልኛል፣ እኔ በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ እመታለሁ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቀረች ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። “አንተ መጋዝ! እንጨት መሰለህ እንዴ? ሰረዟን ዋጥካት!” ይለኛል። እያደር ግን መስመሮቹን እንደ ሥዕል ያዝኳቸው። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ይሄዳል፤ በመሃል ባዶ ቁጥር የሚተወው የረሳኸውን ኋላ እንድታስገባ ነው። ይህ ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ምን ጨዋታ እንሥራ ሲለኝ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ በኩል ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱት ሴቶች ይታያሉ፤ መንገድ ላይ ደን ጠባቂ ያገኛቸውና ሸክማቸውን ይቀማቸዋል። እንግዲህ አንዲት ኮከብ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች፣ እሷ ሴትዮዋ ናት፤ አንድ ክብ ፊደል ግራና ቀኝ ይመላለሳል፣ እሱ ጠባቂው ነው፤ አንተ ሴትዮዋን በሁለት ቁልፍ እያሸሸህ ታች ታደርሳታለህ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አዩና “ይቺ ናት ሴት? ነጠላዋስ የታለ? ለዚህ ነው ቴሌቪዥኔን የምታቃጥሉት?” አሉን።

ችግሩ ኮምፒውተሯ ስትጠፋ ሁሉን ነገር መርሳቷ ነው። መብራት ከሄደማ አለቀ። በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደገና ስንመታ ከርመን፣ መስፍን አብሯት የመጣችው ሁለተኛዋ ሽቦ ከቴፕ ጋር እንደምትገጠምና ጨዋታው ወደ ድምፅ ተለውጦ ካሴት ላይ እንደሚቀዳ ደረሰበት። ቴፕ ያለው ደግሞ እኛ ቤት ነው፤ ታደሰ ሳይወሰድ በፊት የገዛው። ካሴትም ነበረን፣ አንድ።

እሱም የታደሰ ደብዳቤ ነው። ያኔ ማንበብ ለማትችል እናት፣ ወታደር ልጇ ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ በፈቃድ ለሚመጣ ጓደኛው ይሰጥላት ነበር፤ ቤተሰቡም በቀረው ባዶ ቦታ መልሱን ቀድቶ በዚያው ሰው ይልካል። የታደሰ ጓደኛ ካሴቱን ያመጣልን ቀን፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቴፑ ፊት ተቀመጠች። ታደሰ መጀመሪያ እሷን ጠየቀ፤ ቀጥሎ እኔን በስሜ ጠርቶ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። መስፍን ከአጥሩ ማዶ ያፏጭልኝ ስለነበር እኔ አንድ እግሬን ደጅ አድርጌ ነበር የምሰማው። ኋላ እሰማዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

እናቴ ቁልፎቹን ትፈራቸዋለች፤ “ክፈትልኝ” ስትለኝ እከፍትላትና ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ ቁጭ እላለሁ፤ የታደሰ ድምፅ ሲያልቅ እዚያው ላይ አቆመዋለሁ። ስለዚህ ያን ቅዳሜ እሷ ለቅሶ ስትሄድ ቴፑን በጋቢ ጠቅልዬ ስወስደው፣ ካሴቱ ባዶው ላይ እንደቆመ እርግጠኛ ነበርኩ። መቅጃውን ተጫንኩ። “ካሴት አይታመንም፣ ሁለቴ እንቅዳው” አለ መስፍን፤ ሁለቴ ቀዳነው። አጥፍተን ከፈትን፣ ከካሴቱ መለስነው፤ ሴትዮዋ ተራራው አናት ላይ ብቅ አለች። ተቃቅፈን ጮህን። በእጄ ሠርቼው እኔን የጠበቀኝ ነገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። “ዛሬ እኔው ነኝ የምከፍተው!” አለች፣ ፊቷ እየበራ። ለካስ እኔ ሥራ ስውል ብቻዋን ስትማር ነው የከረመችው፤ ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ ላይ ቀይ ክር፣ የሚከፍተው ላይ ነጭ ክር አስራለች፤ ሰምታ ስትጨርስ ለሌላ ጊዜ ዝግጁ እንዲሆን ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች። ክሮቹን አይቻቸው ነበር፤ ከልብስ ተመዝዘው የተጠመጠሙ መስለውኝ ነው።

መጀመሪያ ቀዩን፣ ከዚያ ነጩን ተጫነች። መጋዝ ሚስማር ሲያገኝ የሚጮኸው ዓይነት ጩኸት ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ “ምን ሆነብኝ ልጄ?” አለችኝ።

“እርጥበት ነክቶት ነው” አልኳት።

ጩኸቱ ጥቂት አረፈና እንደገና ጀመረ፤ ሁለተኛው ቅጂ ነው። እሱም ሲያልቅ የታደሰ ድምፅ መጣ፦ “… ጋቢውም ደርሶኛል። በይ እማዬ፣ ደህና ሁኚ።” አለቀ። የቀረው ይቺው ናት።

“ይኸው! አለ፣ አልጠፋም!” አለች እናቴ፣ ቴፑን እየዳበሰች።

ለመስፍን በአጥሩ በኩል ነገርኩት። አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ቢያፏጭ ቢያፏጭ አልወጣሁለትም፤ በመጨረሻም ተወው። የታደሰ ጓደኛ መልሱን ሊወስድ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በእግሩ፣ እየተንጠባጠበ ሲመለስ፣ እናቴ መገናኛ መንገድ ዳር ስንት ቀን ቆማ ዋለች። ታደሰም አልመጣም።

እሷ ግን በየእሁዱ ካሴቱን ከመጀመሪያው ትከፍተዋለች። እጇን አጣጥፋ፣ ያን ጩኸት ሁለቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ችላ ትሰማለች። እትዬ ዘነበች አንድ ቀን “ምነው እቴ፣ ይህን ጩኸት አሳልፈሽው ልጅሽን ብትሰሚ” ቢሏት፣ “ከመሃል ብከፍተው የሚያመልጠኝ ይመስለኛል” አለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ሴትዮዋ በዚያ ጩኸት ውስጥ ተራራውን ስትወርድ ይታየኛል። እርጥበት ነው ያልኳትን እንዳመነች እናቴ ሞተች። ካሴቱም ከመደጋገሙ ብዛት ተበጥሶ ነበር።

ዛሬም ብትጠይቁኝ ያን ጨዋታ ከመስመር አሥር ጀምሬ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ፣ ፊደል በፊደል፣ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር እጽፍላችኋለሁ። ታደሰ የነገረኝን ግን፣ ስሜን ሲጠራ ትዝ ይለኛል፤ ድምፁ ትንሽ ጎርነን ብሎ ነበር፣ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ከስሜ ቀጥሎ ያለውን፣ አንዲት ቃል እንኳ፣ አላስታውስም።