የወይዘሮ አስቴር ምሳ ዕቃ

ሚሳኤልን ያንገበገበው የመንገዱ ርዝመት አልነበረም። ከፉሪ በብስክሌት ተነስቶ ብቻውን ኬፕታውን ለመድረስ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሲያቅድ ዳገቱንም ፀሐዩንም አስቦበታል። ያላሰበው ጎረቤቶቹን ነው።

ሰውየው ጎፋ አካባቢ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ሲል እየዋለ ትዕግሥቱ ካለቀ ቆይቷል። ብስክሌት የወደደውም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ነው። ለዚህ ጉዞ ጭነት ይቀንስልኛል ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ ጥሏል።

ታዲያ ወሬው ሰፈር እንደገባ አደራ ይጎርፍ ጀመር። አገር የሚሻገር ሰው ተገኝቶ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው እንዴ! ወይዘሮ አክሱማዊት ናይሮቢ ላለች እህታቸው በርበሬ አስፈጭተው መጡ።

«እትዬ፣ በብስክሌት እኮ ነው የምሄደው።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ለዚህ ብዬ አይደል ሻንጣውን ትቼ በፌስታል ያደረግኩት?»

ጋሽ ለሜሳ ደግሞ ጆሃንስበርግ ሱቅ ለከፈተው ልጃቸው ወፍራም ጋቢ አመጡ። «ሲበርድህ እየለበስከው ትሄዳለህ» አሉት፣ ውለታ እንደዋሉለት ሁሉ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድንም እቤቱ ሽኝት አዘጋጀለት። የቡድኑ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለመንገደኛ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ «ጌታ ሆይ፣ አብራሪውን በእጅህ ያዝ፤ ሞተሩን በደምህ ሸፍን» ብለው ጸለዩ። ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። ሚሳኤል አንድ ዓይኑን ገልጦ ግድግዳ የተደገፈችውን ብስክሌቱን አየና መልሶ ጨፈነ። ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ እያቀፈ በጆሮው የሚያንሾካሹክለት አንድ ነገር ነበር፦ «እዚያ ስትረጋጋ እኛንም አትርሳን።» ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ምሎ ተገዝቶ ቢናገር የሚያምነው ጠፋ። እነሱ የሚያውቁት የደቡብ አፍሪካ መንገደኛ ሄዶ የሚቀር ነው።

እናቱ ወይዘሮ አስቴርም አላመኑትም። በእሳቸው ላይ ግን መቆጣት አልቻለም። ታላቅ ልጃቸው ቃለሕይወት በዚያው በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ታንዛኒያ ደረስኩ ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሚሳኤል ያለ እናቱ ምርቃት እግሩን ፔዳል ላይ ላያሳርፍ ለራሱ ምሏል። እሳቸው ደግሞ የጉዞውን ነገር ከሰሙ ጀምሮ አኩርፈው፣ ሽኝቱ ላይ እንኳ ጓዳ ተቀምጠው አሜን ሳይሉ ቀሩ።

በመነሻው ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት ጎረቤቱ ሁሉ ከነፌስታሉ ቆሞ ጠበቀው። ደሙ ፈላ።

«ስሙኝ! እኔ የጭነት መኪና አይደለሁም! በርበሬም ጋቢም አልወስድም! አንዲት ፍሬ ዕቃ አልጨምርም፣ በቃ!»

ጋሽ ለሜሳ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱ።

ወይዘሮ አስቴር ከጓዳ የወጡት ይሄኔ ነው። በእጃቸው ክዳን ያለው የብረት ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ያንን ዕቃ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ወይዘሮ አስቴር በዕቃ ቀልድ አያውቁም፤ ተውሶ ያልመለሰን ሰው ለቅሶ ቤትም ቢሆን አግኝተው ይጠይቃሉ። የሰው ዕቃም ባዶውን መልሰው አያውቁም።

«በሶ ነው» አሉት። ከስንት ቀን በኋላ የተነፈሱት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ሚሳኤል ዕቃውን በእጁ መዘነው። ከነክዳኑ ድንጋይ ነው። «እማ፣ እባክሽ፣ በፌስታል ገልብጪልኝ...»

«በፌስታል አልገለብጥም!» አሉ። «ለወንድምህ በፌስታል ነው የቋጠርኩለት። ይዞልኝ የሚመለስ ዕቃ አልሰጠሁትም። ይሄ ዕቃዬ ነው፤ እፈልገዋለሁ።»

ሚሳኤል ጉልበቱን አጥፎ ከጓዙ ውስጥ የምግብ ማብሰያ ድስቱን አወጣና ለጋሽ ለሜሳ አቀበላቸው። በድስቱ ቦታ ምሳ ዕቃውን ጠቅጥቆ አሰረ። ከዚያ የእናቱን ጉልበት ሳመ። እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ «ጌታ ይቅደምልህ። መንገዱን ያቅናልህ» አሉት።

ብስክሌቱ ኋላዋ ከብዷት እየተንገዳገደች ኮብልስቶኑን ይዛ ወረደች። ጥቂት እንደሄደ ዞር ብሎ፣ «እመልስልሻለሁ፣ እማ!» አለ።

«በእጅህ ነው የምትመልሰው!» ብለው ጮኹበት። «በሰው እንዳትልከው!»