የርቢ ፍየሎችና ሰባተኛው ስም

ወደ አበርገሌ ውረዱ የሚል ትዕዛዝ የደረሰን ሰቆጣ ዳር ሰፍረን ሳለ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ከሻምበላችን ግማሹ የዋግ ልጅ ስለሆነ መንገድ መሪ አላስፈለገንም። የጎረቤቴ ልጅ ሲሳይ ጫማውን እያጠበቀ «ምስጋናው፣ የአባትህን ፍየሎች ልንጠይቅ ነው በለኛ!» ብሎ አሾፈብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን እውነቱን ስለተናገረ አልሳቅሁም።

እናንተ ልጆች ርቢን በወሬ ነው የምታውቁት። ደገኛው ፍየሎቹን ለቆለኛ ይሰጣል። ቆለኛው ያረባል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። ፍየል የሞተች እንደሆነ ቆዳዋን ይዞ መጥቶ ያሳያል። ቆዳ ከታየ ሌላ ጥያቄ የለም። አባቴ ፍየሎቹን የሰጠው አቦይ ግደይ ለሚባሉ የአበርገሌ ሰው ነበር። ወሰኑ ወዲህ ነው፣ ወዲያ ነው ሲባል ኖሮ በመጨረሻ የአቦይ ግደይ ቤት ከወዲያ ቀረ፤ ለፍየሎቹ ግን ይህን የነገራቸው የለም። በዚያ ቤት ትግርኛም፣ የዋጉ አገውኛ ኽምጣናም፣ አማርኛም ይነገራል። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ስወርድ ከልጃቸው ከክንፈ ጋር አንድ ቁርበት ላይ እንተኛ ነበር።

እንግዲህ ጦርነቱ የመጣው እዚያ ላይ ነው። እኛ ከአንድ ጉብታ ወዲህ መሸግን። እነሱ፣ የወዲያዎቹ ተዋጊዎች፣ ከላይ። ከጉብታው ግርጌ የአቦይ ግደይ ቤትና የፍየል በረታቸው ይታየኛል።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። መትረየሳቸው ከግራ ያዘን። በደረታችን እየተሳብን ወጣን። ረፋዱ ላይ ጉብታው በእጃችን ገባ። ውኃ አልነበረንም። ከሰዓት በኋላ ከሁለት አቅጣጫ መጡብን። ሃምሳ አለቃችን «ወደ ኋላ! ገደሉን ተከተሉ!» አለ። ሲሳይ ከጎኔ ነበር። ጭኑን ተመታና ቁልቁል ተንከባለለ። ልመለስ ስል ሃምሳ አለቃው ትጥቄን አንቆ ያዘኝ። «አንተንም ልቁጠርህ?» አለኝ። ሲመሽ ተቆጠርን። ሰባት ሰው ጎደለ። ስድስቱ ሲሞቱ ያየ አለ። ሲሳይም ሲወድቅ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ገደል ሰው ይተርፋል ብዬ አላሰብሁም።

ፈቃድ ሳገኝ እናቱን እትዬ አገሬን ያረዳኋት እኔ ነኝ። ሬሳ በሌለበት ፎቶውን ይዛ አለቀሰች። ወንድ ልጇ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ሳልፍ ቀና ብላ አታየኝም ነበር፤ እኔም አልፈርድባትም።

የውጊያው መስመር ወዲያና ወዲህ ሲል ከረመ። አንድ ሰሞን እኛ ወደ አበርገሌዋ ከተማ ወደ ኒሯቅ እንጠጋለን፤ አንድ ሰሞን ሰቆጣን ለቀን እንወጣለን። በየምልልሱ ገበሬው «የማን ወገን ነህ?» ይባላል። አንድ ሽማግሌ «እኔ እንኳ የትም አልሄድኩ፤ የምትሄዱትና የምትመጡት እናንተ» ሲሉ ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ተኩሱ ቆመ። መሣሪያዬን አስረክቤ ወደ እርሻዬ ተመለስኩ።

አንድ ጠዋት ከአባቴ ጋር አጥር ስናጥር የፍየል ድምፅ ሰማን። አቦይ ግደይ ናቸው። ከስተዋል፤ በትከሻቸው የቆዳ ጥቅል ተሸክመዋል። አባቴ አቅፎ አልለቅ አላቸው። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ ጥቅሉን ፈቱ።

«ደንቡ ደንብ ነው፣ አያ አዳነ። መጀመሪያ የሞቱትን እንቁጠር» አሉ።

ቆዳውን አንድ በአንድ መሬት ላይ ዘረጉ። በጥይት የተበሳ ነበረበት። ሁሉም ጆሮ ላይ የአባቴ ምልክት አለ፤ የግራ ጆሮ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። አባቴ «በቃ፣ አምኛለሁ» ቢልም እስከ መጨረሻው ዘረጉ።

«አሁን ያሉትን» አሉና ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ።

ፍየሎቹ ገቡ። ከኋላቸው ግልገል ታቅፎ እያነከሰ የገባው ሲሳይ ነበር። እዚያው ቁጭ አልኩ።

«ደም እያፈሰሰ በረቴ ገባ» አሉ አቦይ ግደይ። «የማን ልጅ ነህ ብለው የአዳነ ልጅ ምስጋናው ነኝ ይለኛል! ምስጋናውን ከጡት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን በአንተ ስም የገባን ሰው በምን አፌ ውጣ ልበል? ለመጡት ሁሉ የርቢ ቤተሰቤ ልጅ ነው፣ ፍየሉን ሊጠብቅ መጥቶ ነው የቆሰለው አልኳቸው።»

ሲሳይ ሊስቅ ሞከረና አለቀሰ። አባቴ በደስታ ብዛት ጠየቀ፤ «ክንፈስ? ክንፈ ደህና ነው?»

አቦይ ግደይ ቆዳዎቹን ማጠፍ ጀመሩ።

«እዚያው ጉብታ ላይ፣ በዚያው ቀን» አሉ። «ለእሱ የማሳይህ የለኝም።»

ክንፈ ከወዲያዎቹ ጋር ተሰልፎ ነበርና መርዶው የመጣው ሲሳይ እዚያው ቤት ተኝቶ ሳለ ነው። ጎረቤት «የገዳዩን ወገን ታስታምማላችሁ?» ሲል ሚስታቸው አደይ ለተብርሃን «የእኔ መሞቱ አይበቃም? የሌላዋንም እናት ላስለቅስ?» ብለው በሩን ዘጉ። ይህን የነገረን ሲሳይ ነው። እኔ ያን ቀን ወደ ጉብታው አናት ተኩሻለሁ። የማን ጥይት ማንን እንዳገኘ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም።

እትዬ አገሬ ልጇን አቅፋ ስትስም ዋለች። ሲነጋ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃችን ቆመች። «ለቅሶ እንድረስ» አለች። አቦይ ግደይን ተከትለን አበርገሌ ወረድን። እትዬ አገሬ ከአደይ ለተብርሃን እግር ሥር ተቀመጠች።

«አደይ፣ ያኔ ያለቀስኩት ለልጄ መስሎኝ ነበር። ልጄ ለካ እርስዎ ቤት ነበር። እንባው የክንፈ ነው፤ ላድርስልዎ ብዬ መጣሁ።»

አደይ ለተብርሃን እጇን ያዙ። አንዷ በትግርኛ፣ አንዷ በኽምጣና ሙሾ አወረዱ። እኛ ወንዶቹ በሁለቱም አለቀስን።

በደብራችን በየዓመቱ የዚያን ቀን ሟቾች የሰባቱ ስም ይነሣል። ሲሳይ ከተመለሰ በኋላ አንድ ሰው «እንግዲህ ስድስት ናቸው፤ ይታረም» አለ። ሲሳይ በምርኩዙ ተነሥቶ «አይታረምም። ቦታዬን ክንፈ ይዞታል» አለ። ያጉረመረመ ነበር። ቄሱ ግን ክንፈ ብለው ጠሩ፣ ሕዝቡም እግዚኦ አለ። አሁን ስንት ሞተባችሁ ብትሉኝ ሰባት ነው የምላችሁ።

አቦይ ግደይም በየዓመቱ ይወጣሉ። መጀመሪያ የሞቱትን፣ ቀጥሎ ያሉትን እንቆጥራለን። ዘንድሮ ቆዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ግልገሉ ግን በዝቶ በረቱን አስፍተናል።