የጫጩቷ ደብዳቤዎች

ያቺ ደብዳቤ ባትደርስ ኖሮ ጎረቤቴን ከቴሌቪዥን ያስወጧት ነበር ወይ? ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ ክፍሌ ሦስተኛ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ሕፃን ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ አሳልፎ ግራ ጆሮውን መንካት ሲችል ነው። ተራዬ ደርሶ እጄን ሳነሳ መዝጋቢው፣ «አንቺስ ተይው፣ የኋላሽንም ልጅ ጆሮ ትነኪያለሽ» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ክፍል ውስጥ አብረውኝ የሚቀመጡት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ለክብር ብለው አይደለም።

እሷ እኩያዬ ናት። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል በሚገኘው ግቢያችን፣ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ ግን «የአሥር ዓመቷ ጫጩታችን» ትባላለች። በሳምንት አንድ ቀን ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ ድምጿን አቅጥና ተረት ታወራለች። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ሹራቡ ቢጫ መሆኑን የምናውቀው የግቢው ሰዎች ብቻ ነበርን። በፕሮግራሙ ቀን እናቷ ደረቷን በመቀነት ጠፍረው፣ ፀጉሯን ለሁለት ጎንጉነው ይዘዋት ሲወጡ በመስኮት አያለሁ።

ሰፈሩ ቴሌቪዥን የሚያየው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ቤት ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንኮለኮላለን። «ዝም በሉ፣ ጫጩቷ መጣች!» ይላሉ ሐጂ፤ ከልጆቹ ሁሉ የሚቸኩሉት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን እሷ ተረቷን ጨርሳ እጅ ስትነሳ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የክፍሌ ልጅ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ አንቺንስ መቼ ነው የሚያሳዩሽ?» አለችኝ። ሐጂ ሳይቀሩ ሳቁ።

በዚያው ሳምንት መምህራችን ደብዳቤ አጻጻፍ አስተማሩን። እኔም የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ለልጆች ፕሮግራም ጻፍኩ። ቀኑን በቦታው አሰፈርኩ፤ አራት ነጥብ አልዘለልኩም፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ አንድም ስርዝ አልተውኩበትም። «ጫጩት የምትሏት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ጆሮዋን ብታስነኳት በክርኗ ትደርስበታለች።» ከግርጌው «አንዲት ተመልካች» ብዬ ፖስታ ቤት ወስጄ ከተትኩት።

ወር ሳይሞላ «አድገሻል» ብለው አሰናበቷት። እርግጥ የሹራቡ እጅጌ ከክንዷ ሸሽቶ ነበር፤ ድምጿም አልፎ አልፎ ያመልጣት ጀምሮ ነበር። ያስወጣት ደብዳቤዬ ይሁን ቁመቷ፣ ማንን ጠይቄ ልወቅ?

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለእኔ መልካም ነበሩ፤ ክፍል እየዘለልኩ ወደፊት ገፋሁ። ለእሷ አልሆኑም። አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አንሺ ሆና ገብታ፣ መልእክት የሚጻፍበት ደብተር የተሰጣት ቀን ቀረች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ፌርማታ ላይ ሰው ያስቆማታል፤ «አንቺ ጫጩቷ አይደለሽም እንዴ? ውይ፣ እንዴት አርጅተሻል!» ገና ሃያ ዓመቷ ነበር።

ጦር ኃይሎች አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው አገባት። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እስቲ ጫጩቷን አድርጊላቸው» ይላታል። በስምንተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ተመለሰች። «ያገባው እኮ ያንን ቀጭን ድምፅ ነው፤ እኔን ጠጋ ብሎም አላየኝ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር የምትናገረው። በሻይ ብርጭቆ የያዘችው ግን ሻይ አልነበረም፤ ሽታው አረቄ ነው።

እናቷ በዚያ ክረምት አረፉ። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ገብቼ አብሬያት መቀመጥ ጀመርኩ፤ እኔ መጽሐፌን አነባለሁ፣ እሷ ግድግዳውን ታያለች። አንድ ቀን ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። የተሰናበተች ዕለት የፕሮግራሙ ሰዎች ለእናቷ የሰጧቸው የተመልካቾች ደብዳቤዎች ናቸው።

«አንብቢልኝ» አለች።

«ራስሽ አታነቢውም?»

የቆርቆሮውን ክዳን በጥፍሯ ፋቀች። «ከሁለተኛ ክፍል ነው ለቴሌቪዥኑ ልምምድ ያስወጡኝ። ተረቱን እማዬ ሁለቴ ታነብልኝና እይዘዋለሁ። ፊደሉን እለያለሁ፣ ግን አይገጥምልኝም።» ቀና አለች። «ለሰው ብታወሪ እንጣላለን።»

አገር ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲሰማት የኖረች ልጅ ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ ደግሞ በእሷ ቀንቼ ነው ያንን የጻፍኩት።

አንድ በአንድ አነበብኩላት። ከጅማ፣ ከአሥመራ፣ ከዚሁ ከኮልፌ የመጡ ነበሩ። «ጫጩቷ ሆይ፣ እኛም ቤት ጫጩት አለችን» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከታች በኩል ስደርስ የራሴን እጅ ጽሕፈት አየሁ። ፖስታዋ ተቀድዳለች። ማን እንደቀደዳት ግን ፖስታ አይናገርም።

«ይቺስ?» አለች።

«ይቺ… ድምፅሽ ደስ ይላል ነው የምትለው» አልኳት። ለአንድ አራት ነጥብ እንኳ የምጨነቀው እኔ፣ ያልተጻፈ አነበብኩ።

«ባጭሩ ነዋ የጻፈችው» አለችና መልሳ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ፣ «ለምን አታስተምሪኝም?» አለች።

እንቢ ልላት እችል ነበር። ደብዳቤዋን ሰርቄ ላቃጥላትም እችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ከቆርቆሮው ጋር ትታኝ ወጥታለች። ማንበብ ባስተማርኳት ልክ ወደዚያች ደብዳቤ እየገፋኋት እንደሆነ አውቃለሁ። ካላስተማርኳት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው አፍ ልታነብ ነው። ከሌላ ጓደኛ ጋር ተቀምጬ አላውቅም፤ ያለችኝ እሷ ነበረች።

በሳምንት አራት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እንቀመጥ ጀመር። እኔ ጠንካራ አስተማሪ ነኝ፤ ስትሳሳት ከመስመሩ ራስ አስጀምራታለሁ። «እትዬ፣ ማሪኝ!» ትላለች። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን አያመኝም ነበር። ብርጭቆውም እየዋለ እያደረ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። ጥቅምት ላይ የሱቅ ጽሑፍ እያነበበች መንገድ ታስቆመኝ ጀመር። ታኅሣሥ ሲገባ ቆርቆሮውን አውጥታ፣ «ነገ ከእነዚህ እንጀምር፤ ራሴ ነኝ የማነበው» አለችኝ።

በማግስቱ ቀድሜ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ፀሐይ ነበር፤ በርጩማ አውጥታ እየጠበቀችኝ ነው። ቆርቆሮውን ከፍቼ ደብዳቤዋን ከታች መዝዤ እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

«ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። በዚች ጀምሪ። የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። «ጫ-ጩት የም-ት-ሏት…» ሁለት ቦታ ተሳሳተች። አላረምኳትም። ጨርሳ ቀና አለች። ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እሱን አየች።

«በዚች ነው ያስወጡኝ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች። እንባዋ ወረደ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። «አሥራ አምስት ግን አልነበርኩም። አሥራ ስድስት ሞልቶኝ ነበር። እማዬ ለጎረቤትም ቀንሳ ነው የነገረችው።»

ደብዳቤዋን ጉልበቷ ላይ አኖረችና ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሻግራ፣ አንገቷን አጣማ በክርኗ ግራ ጆሮዋን ፈለገች። ቆየችበት፣ ታገለች፤ ፊቷ ቀላ።

«እይ፣» አለችኝ፣ «አይደርስም።»