በፀጉር ቤት የሰማሁት ጦርነት

አባቴ «ሰው ሲጣላ ካየህ ከመናገርህ በፊት ጸልይ» ይለን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ በስደት በምኖርበት ሰፈር፣ አስኮት ቬል ውስጥ፣ ገብቼበት የማላውቅ ፀጉር ቤት ተራዬን እጠብቃለሁ። ፀጉር ቆራጩ ኢራናዊ ነው፤ ወንበሩ ላይ ጢማቸውን የሚላጩት ሽማግሌ ደግሞ ግሪካዊ። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እንዳለ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ከተማችንን ያቃጠላችሁት እናንተ!» አሉ ሽማግሌው።

«መርከቦቻችንንስ ማን አሰጠመ? ያ ሁሉ ወጣት ባሕር ውስጥ ቀረ!»

«ማን ኑ አላችሁ?»

እኔ ዜና አልከታተልም፤ ግሪክና ኢራን መዋጋታቸውን ገና መስማቴ ነው። ሁለቱም ዘመድ የሞተባቸው መሰለኝ። ለሽማግሌው አንገትም ፈራሁ። ብድግ አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ፣ በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጆቻቸው ባሕር ውስጥ የቀሩባቸውን እናቶች አጽናና፤ ቤታቸው ለተቃጠለባቸውም መጠጊያ ስጣቸው» እያልኩ ጮክ ብዬ ጸለይኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሽማግሌው አረፋ እንደተቀቡ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቆራጩ ምላጩን አስቀምጦ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«አሜን፣ ወንድሜ። ጦርነቱ ግን ካለቀ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል።»