ልጅ በበርበሬ ሚዛን

አራስ ደጅ አትወጣም። ይህን ሕግ እናቴ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ከበሶውና ከአጥሚቱ እህል ጋር አሽጋ ነው። ሚድ ዊልሻየር ያለችውን ባለ አንድ መኝታ ቤታችንን መጋረጃ ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ ከትራሴ ሥር የወጥ ቤት ቢላዋ ሸጉጣ፣ እኔን ገንፎ ስታጎርሰኝ ትውላለች። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ እንኳ የፈቀደችልኝ በስንት ልመና ነው።

ሰኞ ዕለት ዌስትውድ ወደሚገኘው ክሊኒክ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ነርሷ መዘነችውና "ስድስት ፓውንድ ከአሥራ ሁለት አውንስ" አለች። አውንስ ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ አሥራ ስድስቱ አንድ ፓውንድ ይሆናል አለችኝ። ልጁ ከተወለደ ወዲህ ቀንሷል። መቀነሱ ያለ ነው፣ ዓርብ ስትመጡ ካልጨመረ ግን ሆስፒታል ይተኛል አለች፤ ፈገግ ብላ። እነዚህ ሰዎች መርዶም ቢሆን በፈገግታ ነው የሚያረዱሽ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ በአጠገቤ አላለፈም። ጡቴ ወተት አለው የለውም? ማን ያውቃል! ጠርሙስ አይደል፣ የቀረው አይታይ።

"ይሄ አውንስ የሚሉት ደግሞ ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

ባሌ ታክሲውን ትቶ በስልክ ጥሪ መንዳት የጀመረ ሰሞን ነበር፤ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል። "እንደኛ ወቄት በሉት፣ እማማ።"

"ወቄት! ልጄ ወርቅ ነው እንዴ? ልጅ አይመዘንም፣ የሰው ዓይን ይበላዋል።" ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብላ "አንተ መልከ ጥፉ! ትፍ! ትፍ!" እያለች በፍቅር ልትሞት ደረሰች።

ረቡዕ ላይ አላስቻለኝም። የመታጠቢያ ቤታችን ሚዛን የባሌን ቦርጭ እንጂ የጨቅላ ክብደት አያውቅም።

"ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ሰፈር እንውሰደው፤ እትዬ ሱቅ የበርበሬ ሚዛን አለ" አልኩ።

"በበርበሬ ሚዛን? የክርስቲያን ልጅ? ያውም ክርስትና ሳይነሳ! ኧረ እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ!" እናቴ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ጮኻ ስታበቃ ግን ከሁላችንም ቀድማ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። ቢላዋውን ዳይፐር ቦርሳው ውስጥ ከታዋለች።

ባለሱቋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገብስ ዱቄት ይሸጣሉ። ጉዳያችንን ስንነግራቸው "ምን ችግር አለው" ብለው ሚዛኑን በአልኮል ወለወሉ፣ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉበት፣ የጨርቁን ክብደት አጥፍተው ዜሮ ላይ መለሱት። ልጄን ራቁቱን አስተኛነው። አስነጠሰው። እኔም አስነጠሰኝ። ሽሮ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ሲያሰግጉ እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ጋረደችባቸው።

ሚዛኑ 6.9 አለ።

"ስድስት ፓውንድ ከዘጠኝ አውንስ" አለ ባሌ፤ ድምፁ ተለወጠ። "ሰኞ ከአሥራ ሁለት ነበር። ሦስት አውንስ ቀንሷል።"

"ደህና አድርገህ እየው!" አልኩት።

"እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይዩት፤ ዘጠኝ ነው አይደል?"

"እኔ በፓውንድ ነው የምሸጠው፣ አውንስ ምናምን አላውቅም፤ ዘጠኝ ግን ዘጠኝ ነው፣ ልጄ" አሉ።

እዚያው በርበሬው መሃል ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ልጄን በረሃብ እየገደልኩት እንደሆነ ታየኝ። ያ ሁሉ ገንፎ ዳሌዬ ላይ ቀርቷል፣ ወደ እሱ ያለፈ የለም። እትዬ አንጀታቸው አልችል ብሎ አንድ ከረጢት የገብስ ዱቄት አስታቀፉኝ። "ለገንፎሽ ነው፤ አይዞሽ፣ ጠንክረሽ ብዪ።" እናቴ ሁለቱን ሴቶች እየገላመጠች ወጣች። ጥፋተኞቹን አግኝታለች።

"በቃ፣ ዓርብ ድረስ አንጠብቅም" አለ ባሌ፤ መኪናውን ወደ ዌስትውድ አዞረ። የዊልሻየር ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተዘጋግቷል። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ከእመቤታችን ጋር ትሟገታለች። እኔ ከኋላ፣ ከልጄ አጠገብ፣ ዱቄቱን እንደታቀፍኩ ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። ሰው ሲጨንቀው የማያነበው የለም። "1.5 ፓውንድ፣ 24 አውንስ" ይላል።

ሃያ አራት? አንዱ ፓውንድ አሥራ ስድስት ነው። ነጥብ አምስቷ አምስት አውንስ ከሆነች ድምሩ ሃያ አንድ መሆን ነበረበት። ሃያ አራት ከሆነ ግን የቀረው ስምንት ነው። ለካ ነጥብ አምስት ግማሽ ነው፤ የአሥራ ስድስት ግማሽ! ነጥብ ዘጠኝስ? በጣቶቼ ቆጠርኩ፤ ጣቶቼ አለቁ፤ የልጄን ተበደርኩ። አሥራ አራት! አሥራ አራት ከምናምን!

"መኪናውን አቁም!" ብዬ ጮህኩ።

"መቼ ሄደና!" አለ ባሌ።

ነገርኩት። አላመነኝም፤ ስልኩን አውጥቶ አባዛ፣ ደግሞ አባዛ። "ሁለት አውንስ ጨምሯል እኮ!" አለና መሪውን በጥፊ መታው። በኪሎ ያደግን ሰዎች ነን፤ ከነጥብ ወዲያ ያለውን ከአሥር መቁጠር ነው የለመድነው። ቁጭ ብሎ አስቦ፣ ከቁጥር ሁሉ መርጦ አሥራ ስድስት ያለውን ሰውዬ ባገኘው አንድ ቀን ገንፎ አጎርሰው ነበር፤ ትኩሱን።

"ምን ሆናችሁ?" አለች እናቴ ዞራ።

"ጨምሯል፣ እማዬ። እኛ ነን የተሳሳትነው። ልጁ ጨምሯል!"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ። ልጅ አይመዘንም እያለች የሰነበተችው ሴት ለካ ከእኔ ባላነሰ ተጨንቃ ኖሯል። ያኔ እኔም እንደገና አለቀስኩ።

ክሊኒኩ ድረስ ከመጣን አይቀር አስመዘንነው። ስድስት ፓውንድ ከአሥራ አራት አውንስ። ነርሷ "ጎበዝ ነው፤ ሆስፒታል አያስፈልገውም፣ ጡት ማጥባትሽን ቀጥዪ" አለችኝ፤ በዚያችው ፈገግታ። ይህን ጊዜ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ስንመለስ ፌርፋክስ ጎራ አልን፤ እትዬ እንደተሳቀቁ ይዋሉ እንዴ? ገና ከበሩ "እንዴት ሆነ?" አሉ። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ።

"ምን እባክዎ፣ ያው ነው" አለች፤ ፊቷን ለቅሶ ቤት አስመስላ። "አጥንት ብቻ ነው፤ ምን ሥጋ አለው ብለው ነው!" በነጠላዋ ሥር እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኛለች። እትዬ ከንፈራቸውን መጠጡና ሁለተኛ ከረጢት ዱቄት ጨመሩልን።

መኪና ውስጥ "ምነው እማዬ፣ ለእትዬ ይዋሻል?" አልኳት።

"ዝም በይ! ለሰው ስድስት ከዘጠኝ ነው።"

እናቴ ጾም የማትሽር፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት ስትዋሽ አይቻት አላውቅም።